ከጨጓራ መግቢያና መውጫ አጠገብ ያለ ዕጢ፦ ኢንዶስኮፒና ላፓራስኮፒ በአንድ ጠረጴዛ

የመነሻ ጽሑፍ

ሐዋሳ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ለመድረኩ አባላት በሙሉ፣ በተለይም በሙያው ውስጥ ላላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ሳስብበት የቆየሁትን አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። ክሩ (የምላሾቹ ሰንሰለት) ሲረዝም አዲስ አንባቢ እንዳይጠፋበት፣ ምላሾቹን እንደ መጡበት ቅደም ተከተል በራሴ አገላለጽ ከሥር አስቀምጣለሁ።

በጨጓራ ግድግዳ ውስጥ፣ ከውስጠኛው ሽፋን ሥር የሚበቅሉ ዕጢዎች አሉ። ከእነዚህ መካከል ዋነኛው ጂስት የሚባለው ሲሆን፣ የጨጓራንና የአንጀትን እንቅስቃሴ ከሚመሩት የካሃል ሴሎች ወገን የሚነሣ ነው። ጂስት ወደ ሊምፍ ዕጢዎች (በሽታን ወደሚከላከሉት ጤነኛ የሰውነት ዕጢዎች) የሚዛመተው እጅግ አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ እንደ ተለመደው የጨጓራ ካንሰር በዙሪያው ያሉትን የሊምፍ ዕጢዎች መልቀም አያስፈልግም። የሚፈለገው ዕጢው ሳይቀደድ፣ ጠርዙ ንጹሕ ሆኖ መውጣቱ ነው። ዕጢው በጨጓራው ሰፊ አካል ላይ፣ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ወይም በትልቁ ጥምዝ በኩል የሆነ እንደሆነ በላፓራስኮፒ፣ ማለትም በሆድ ላይ በሚበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እያዩ ገብቶ፣ ከዕጢው ጋር ጥቂት ጨጓራ በስቴፕለር (እየሰፋ በሚቆርጥ መሣሪያ) ቆርጦ ማውጣት ይቻላል።

ጭንቁ የሚመጣው ዕጢው የምግብ ቧንቧው ከጨጓራ በሚገናኝበት በር አጠገብ፣ ወይም ጨጓራ ወደ ትንሹ አንጀት በሚያሳልፍበት በፓይሎረስ አጠገብ፣ ወይም በኋለኛው ግድግዳ ላይ ሲሆን ነው። በዚያ ላይ ዕጢው ወደ ውስጥ ያደገ ከሆነ፣ ከውጭ የሚያየው ካሜራ ለስላሳውን የጨጓራ ገጽ እንጂ የዕጢውን ጠርዝ አያሳይም። ቀዶ ሐኪሙ ዕጢው እንዳይቀርበት ሲል ሰፋ አድርጎ ይቆርጣል፤ የከረጢት አፍ አጠገብ ጨርቁ ተቆንጥሮ ሲሰፋ አፉ እንደሚጠብ ሁሉ፣ የጨጓራውም በር ይጠባል። መጥበቡን የፈራ ሐኪም ደግሞ የጨጓራውን የላይኛውን ክፍል፣ ወይም ጨጓራውን በሙሉ ወደ ማውጣት ያመራል። ከምግብ ቧንቧው መጋጠሚያ አጠገብ ከሚገኙት እንዲህ ያሉ ዕጢዎች ብዙዎቹ ሊዮማዮማ የሚባሉ፣ አደገኛ ያልሆኑ የጡንቻ ዕጢዎች መሆናቸውን ስናስብ ይህ ከባድ ዋጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ናኦኪ ሂኪ የተባሉት ጃፓናዊ ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በሰባት ሕሙማን ላይ የሠሩትን አሳተሙ። ዘዴው ሁለቱን ቡድኖች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያቆማል። ኢንዶስኮፒ (ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ተጣጣፊ ቱቦ ምርመራ) የሚሠራው ሐኪም በአፍ በኩል ገብቶ የዕጢውን ጠርዝ ከውስጥ እያየ በዙሪያው ምልክት ያደርጋል፤ ከውስጠኛው ሽፋን ሥር ፈሳሽ ወግቶ ሽፋኑን ያነሣዋል፤ በምልክቱ ላይ በኤሌክትሪክ ቢላዋ ይቆርጣል፤ በመጨረሻም አንድ ቦታ ላይ ሆን ብሎ ግድግዳውን ይበሳዋል። በሆድ በኩል በትንንሽ ቀዳዳዎች የገባው ቀዶ ሐኪም በዚያች ብስ መሣሪያውን አስገብቶ፣ ከውስጥ የተሠመረውን መስመር እየተከተለ ጡንቻውንና የውጭውን ሽፋን ይቆርጣል። ዕጢው ወደ ሆድ ዕቃው ተገልብጦ በከረጢት ተይዞ ይወጣል፤ ቀዳዳው በስቴፕለር ወይም በእጅ ስፌት ይዘጋል፤ ከዚያም በኢንዶስኮፒው ጨጓራው በጋዝ ተሞልቶ ስፌቱ የማያፈስ መሆኑ ይፈተሻል። በዚህ መንገድ የሚሄደው ጨጓራ ዕጢው የሚጠይቀውን ያህል ብቻ ነው። ጃፓን ይህን ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2014 በብሔራዊ የጤና መድኗ ውስጥ አካትታዋለች።

አቋሜ የሚከተለው ነው። በምሠራበት ቤት ኢንዶስኮፒም አለ፣ ላፓራስኮፒም አለ፤ ሁለቱ ግን በአንድ ሕመምተኛ ላይ በአንድ ሰዓት ሲገናኙ አይቼ አላውቅም። የጃፓኑን ሥራ በሙሉ ዛሬውኑ እንጀምር አልልም። ነገር ግን ሁለቱን ሐኪሞች በአንድ ክፍል ለማቆም ምን ይከለክለናል?

ምላሽ 1። በከተማችን የሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪም ጥያቄውን አመስግነው፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያለውን ችግር አስቀድመዋል። እንደ እርሳቸው አባባል እንዲህ ያለ ዕጢ ያለበት ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ፣ ጥቁር ሰገራ አይቶ ወይም ደሙ ወርዶ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጨጓራህን ነው እየተባለ ኦሜፕራዞል ሲወስድ ይከርማል። ኢንዶስኮፒ ተደርጎለት ናሙና ቢወሰድ እንኳ፣ መቆንጠጫው የሚነክሰው የላይኛውን ሽፋን ብቻ ስለሆነ የፓቶሎጂው (የናሙና ምርመራው) ውጤት ጤነኛ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ዕጢው ያለበትን የግድግዳ ክፍል ለይቶ የሚያሳየውና በመርፌ ናሙና ለመውሰድ የሚያስችለው በኢንዶስኮፒው ጫፍ ላይ የተገጠመ አልትራሳውንድ መሆኑን ጠቅሰው፣ እርሱ በማይገኝበት ቦታ ጥሩ ሲቲ ስካንና የኢንዶስኮፒ ሐኪሙ ዐይን ብዙ ሥራ እንደሚሠሩ ገልጸዋል። ትክክል ነው፤ ውጤቱ ጤነኛ ነው የተባለ እብጠት ሁሉ ጤነኛ እንዳልሆነ ሕሙማን ሊያውቁት የሚገባ ነገር ነው።

ምላሽ 2። እዚሁ ሐዋሳ ታቦር ተራራ ሥር የሚኖር አንድ ወንድም የአባቱን ታሪክ ጽፏል። አባቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎላቸው ጨጓራቸው በሙሉ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው ከቤተሰብ ጋር በአንድ ትሪ ቀርበው መጥገብ አልቻሉም፤ በቀን ብዙ ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይበላሉ፣ ጣፋጭ ነገር ሲወስዱም ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ልባቸው ይመታል። ቤተሰቡን ይበልጥ ያሳዘነው ግን እግራቸው መደንዘዝና ደማቸው መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው የቫይታሚን ቢ12 መርፌ ዕድሜ ልካቸውን እንደሚያስፈልጋቸው የተነገራቸው። ሌላ መንገድ ይኖር ነበር ወይ ሲል በትሕትና ጠይቋል።

ምላሽ 3። አንድ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ለዚህ ልጅ በጥንቃቄ መልሰውለታል። የአባቱ ዕጢ ምን ዓይነት እንደ ነበር ሳያውቁ በማያውቁት ባልደረባ ላይ መፍረድ እንደማይገባቸው አስቀድመው፣ የተለመደው የጨጓራ ካንሰር ከነበረ በዙሪያው ካሉት የሊምፍ ዕጢዎች ጋር ጨጓራውን ማውጣት ተገቢ ሕክምና መሆኑን አስረድተዋል። ስለ ቢ12ም ሲያብራሩ፣ ቫይታሚኑ ከምግብ እንዲወሰድ የሚያስችለውን ንጥረ ነገር የሚሠራው ጨጓራ እንደሆነ፣ ጉበት ያከማቸው ግን ለዓመታት ስለሚቆይ ጉድለቱ የሚታየው ዘግይቶ እንደሆነ፣ ስለዚህም መርፌው ከሕመምተኛው መውጫ ወረቀት ላይ መጻፍ እንዳለበት ተናግረዋል። ቀጥለው ዕጢው ጂስት ወይም ሊዮማዮማ ቢሆን ኖሮ ግን የእኔ ጥያቄ ተገቢ እንደሚሆን አክለዋል። እንዲህ ያለ መልስ ከእንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ ክሩ ከጅምሩ የሚቃና መስሎኝ ነበር።

ምላሽ 4። አንድ ነጋዴ አጎታቸው በቅርቡ የጨጓራ ካንሰር እንደ ተገኘባቸው ገልጸው፣ ጃፓኖች በአፍ በኩል ስበው የሚያወጡት ከሆነ ሆድ መቅደድ ከእንግዲህ የሰነፍ ሐኪም ሥራ ነው ሲሉ በእርግጠኝነት ጽፈዋል። ዘመዶቻቸውም ቀጠሮውን እንዲሰርዙ እንደ መከሩ ጨምረዋል።

ምላሽ 5። አንድ ሬዚደንት (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ) ሐኪም ለዚህ የሰጠው መልስ ጠንከር ያለ ነበር፤ ጥንካሬው ግን ከሥጋት የመጣ ነው። ካንሰሩ ከውስጠኛው ሽፋን ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ሲዘልቅ በሊምፍ መስመሮች እንደሚሄድ፣ ዕጢውን ብቻ ቆርጦ መተው በሽታውን በሆድ ውስጥ መተው እንደሆነ፣ በኢንዶስኮፒ ብቻ የሚወጣው ገና በሽፋኑ ላይ ያለ፣ ጥልቀት ያልያዘ ጅምር ካንሰር እንደሆነ፣ በአገራችን ደግሞ በዚያ ደረጃ የሚመጣ ሰው ጥቂት እንደሆነ ጽፏል። ነጋዴው የአጎታቸውን ቀጠሮ እንዳያሰርዙ አጥብቆ ለምኗል። በኋላ በሌላ ምላሽ ቀጠሮው እንደ ጸና ስለ ተነገረን ደስ ብሎኛል።

ምላሽ 6። ክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ የመለሰው ይህ ነው። ብዙዎቻችን በሥራቸው የምናከብራቸው፣ አሁን በጡረታ ላይ ያሉ አንጋፋ ቀዶ ሐኪም ነገሩ በሙሉ አዲስ ተብሎ መቅረቡን ተቃውመዋል። ክርክራቸው እንዲህ ነው፦ የዕጢው ጠርዝ ከውጭ አይታይም ከተባለ ጨጓራውን በፊት ለፊቱ ከፍቶ ማየት ነው። የኋለኛውን ግድግዳ ዕጢ በተከፈተው በኩል ጎትቶ አውጥቶ፣ ጠርዙን በዐይን እያዩና በጣት እየዳሰሱ ቆርጦ፣ በእጅ መስፋት ይቻላል፤ ለዚህ ስክሪንም ሆነ ከውጭ በዶላር የሚገዛ ስቴፕለር አያስፈልግም። በበሩ አጠገብም ቢሆን ቀዳዳውን ወደ ጎን መስፋት የሚያውቅ እጅ በሩን አያጠብም። ወጣቶቹ ሐኪሞች መክፈት እየረሱ ስክሪን እየለመዱ መሄዳቸው እንደሚያሳስባቸው፣ መብራት በሄደ ቀን ምን እንደሚያደርጉ ማሰብ እንደሚገባቸው በቁጣ ጽፈዋል።

ምላሽ 7 የእኔው ነው። ጋሼ ያሉት መርሕ ልክ መሆኑን አስቀድሜ ጻፍሁ፤ ዕጢውን ከውስጥ አይቶ መቁረጥ ነው ዋናው፣ እርሳቸውም ሲያደርጉት የኖሩት ይህንኑ ነው። ልዩነታችን ለዚያ እይታ የሚከፈለው ዋጋ ላይ ነው። የምግብ ቧንቧው መጋጠሚያ ከግራ ጎድን ሥር ጥልቅ ቦታ ላይ ስላለ፣ እዚያ በእጅ ለመድረስ ሆዱ ከላይ ረጅም ሆኖ መከፈት አለበት። እኔ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውን አየዋለሁ። ከሲዳማ ገጠር የሚመጣው ገበሬ ቁስሉ ሳይጸና ሸክም ይነሣል፣ ስፌቱ ሥር ይላላል፣ በዓመቱ ሆዱ በስፌቱ በኩል ተገፍቶ ለሌላ ቀዶ ሕክምና ይመለሳል፤ ትልቅ ቁስል ስለሚያምም በጥልቀት የማይተነፍሰው አዛውንት ደግሞ ሳንባው ይታመማል። ከውስጥ የማየቱን ጥቅም ይዞ የቁስሉን መጠን መቀነስ ከተቻለ፣ ለዚያ መድከም ለእኛ ሕሙማን ሲሆን ቅንጦት አይባልም።

ምላሽ 8። በክሩ ውስጥ ለሥራ የሚሆነውን ቁም ነገር ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው። ኢንዶስኮፒ የሚሠሩ የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ የመነሻ ጽሑፉ የገለጸው የጃፓኑ ዘዴ ከኢንዶስኮፒ ሐኪሙ ከውስጠኛው ሽፋን ሥር ሰንጥቆ የመቁረጥ ችሎታን እንደሚጠይቅ፣ ይህም በረጅም ልምምድ የሚገኝ እንጂ መሣሪያ በመግዛት ብቻ የማይመጣ መሆኑን ገልጸዋል። ስለዚህ ከጫፉ ሳይሆን ከሥሩ መጀመር አለብን ባይ ናቸው። የመጀመሪያው እርምጃ በእርሳቸው ግምት ይህ ነው፦ ቀዶ ሐኪሙ በላፓራስኮፒ እየሠራ ሳለ ኢንዶስኮፒው ጨጓራ ውስጥ ይገባል፤ ከውስጥ በብርሃኑና በጫፉ ግፊት ዕጢው የት እንዳለ ያሳያል፤ ስቴፕለሩ ከመቁረጡ በፊት ሲነክስ ኢንዶስኮፒው በሩን አልፎ ተዘርግቶ ይቆያል፣ በሩ የጠበበ እንደሆነ ቱቦው ስለሚያዝ ወዲያውኑ ይታወቃል፣ ስቴፕለሩም ተፈትቶ ቦታው ይስተካከላል። ሲጨርሱም የተሰፋው ቦታ በውሃ ተሸፍኖ ከውስጥ ጋዝ ይነፋና አረፋ መውጣት አለመውጣቱ ይታያል፤ የሚደማ ካለም ከውስጥ ይታያል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ተራው ኢንዶስኮፒና በቀጠሮው ሰዓት የተገኘ ሐኪም ብቻ ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎችንም አክለዋል። በተራ አየር ከተነፋ አንጀቱ ተወጥሮ የላፓራስኮፒውን ቦታ ስለሚወስድ፣ ቶሎ ወደ ደም ገብቶ በትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠቀም ይመረጣል፤ እርሱ ከሌለ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ በለስላሳ መቆንጠጫ ለጊዜው ይያዛል። ይህን ምላሽ አትሜ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ምላሽ 9። ቀጥሎ የመጣው ምላሽ መራራ ነበር። ራሱን የሕመምተኛ ቤተሰብ ነኝ ያለ ሰው፣ ለተራ ኢንዶስኮፒ ተራ ጠብቆ የከረመ ሕዝብ ፊት ስለ ጃፓን ማውራት በድሃ ቁስል ላይ መቀለድ ነው ብሏል። የሐኪሞቹ ውይይት ለስማቸው ማሳመሪያ እንደሆነ፣ ነርስ ደግሞ የታዘዘችውን እንጂ አቋም መያዝ እንደማይገባት ጽፏል።

ምላሽ 10። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከእርሱ ባልተናነሰ ቁጣ መለሰችለት። ተራ የሚያስጠብቀው የማሽንና የሰው እጥረት መሆኑን፣ እጥረቱን በየቀኑ የምትሸከመውም ነርሷ መሆኗን ገልጻ፣ ስለ እርሱ አስተዳደግ እዚህ የማልደግማቸው ቃላት ጨምራለች።

ምላሽ 11። አወያዩ ከሁለቱም ምላሾች ጥቂት ዐረፍተ ነገሮችን አንሥቶ፣ ሰውን ትቶ በጉዳዩ ላይ መነጋገር እንዲቀጥል አሳስቧል። በእኔ በኩል የምላሽ 9 ጸሐፊ ምሬት እውነተኛ መሠረት እንዳለው አምናለሁ። ነገር ግን ዕጢው በሩ አጠገብ የሆነበት ድሃ ሰው ጨጓራው በሙሉ ወጥቶ፣ ለመርፌው ወር በወር ከገጠር ሲመላለስ ከሁሉም የሚከፋ ወጪ የሚወጣው እርሱ ነው። የተረፈ ጨጓራ ለድሃው ይበልጥ ይጠቅማል።

ምላሽ 12። አንድ ፋርማሲስት በምላሽ 1 የተነሣውን የምርመራ ነገር ወደ መድኃኒቱ አሻግረውታል። እ.ኤ.አ. በ1998 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በጂስት ውስጥ ኪት በተባለው ጂን ላይ ያለውን ለውጥ ማሳወቃቸው፣ ከአራት ዓመት በኋላ ኢማቲኒብ የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት በአሜሪካ ለዚህ በሽታ እንዲፈቀድ መንገድ እንደ ከፈተ አስታውሰዋል። መድኃኒቱ በተለመደው መጠን በቀን 400 ሚሊግራም ሲሆን፣ በሩ አጠገብ ያለ ትልቅ ዕጢ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በእርሱ ለወራት ሲታከም ሊሟሽሽና ጨጓራውን ማዳን ሊቻል ይችላል። ለዚህ ግን ዕጢው በእርግጥ ጂስት መሆኑ ሲዲ 117 ወይም ዶግ 1 የተባሉትን የጂስት ምልክቶች በናሙናው ላይ በሚያሳይ ቀለም መረጋገጥ አለበት፤ የጂን ምርመራ ከተገኘም ይመረጣል፣ ምክንያቱም ፒዲጂኤፍአርኤ በተባለው ጂን ላይ አንድ የታወቀ ለውጥ ያላቸው ዕጢዎች ለመድኃኒቱ ምላሽ አይሰጡም። ከቀዶ ሕክምና በኋላም የመመለስ ዕድላቸው ከፍተኛ ለሆነ ዕጢዎች ሦስት ዓመት መውሰድ ከአንድ ዓመት እንደሚሻል እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የስካንዲኔቪያና የጀርመን ጥናት ማሳየቱን ጠቅሰዋል። በሳል ምላሽ ነው።

ምላሽ 13 እና 14። እዚህ ላይ ውይይቱ ወጣ ብሏል። አንዲት እናት ተልባና አብሽ በባዶ ሆድ ጠጥተው ጨጓራቸው እንደ ዳነ ጽፈው፣ ሰው ከመቀደዱ በፊት ይህን እንዲሞክር መክረዋል። ሌላው ደግሞ በርበሬና ቡና ዕጢ ያመጡ እንደሆነ ጠይቋል። ሬዚደንቱ ለሁለቱም በአንድ ላይ፣ በዚህ ጊዜ በለዘበ አንደበት መልሷል፦ ተልባው ማቃጠሉን ቢያበርድም በግድግዳው ውስጥ ያለን እብጠት አያሟሽሽም፤ ጂስትም ከምግብ ጋር የተያያዘ መንስኤ አልተገኘለትም። ሄሊኮባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ግን ቁስለትንና የተለመደውን የጨጓራ ካንሰር ስለሚያስከትል በተገኘበት መታከም አለበት። እናታችን ማቃጠሉ ሲበርድላቸው ምርመራውን እንዳይተዉት አደራ እላለሁ።

ምላሽ 15። አንድ ሰመመን ሰጪ ባለሙያ ሁላችንም የዘለልነውን ነገር አንሥተዋል። በዚህ ሥራ የመተንፈሻው ቱቦና ኢንዶስኮፒው በአንድ አፍ ውስጥ ይጋራሉ፤ ኢንዶስኮፒው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቱቦው ሊነቃነቅ ስለሚችል በጥብቅ መታሰር፣ የሰመመን ማሽኑም ኢንዶስኮፒ የሚሠራው ሐኪም ራስጌ ለመቆም እንዲችል ቦታው መለወጥ አለበት። ጋዙ ከሆድም ከጨጓራም በሁለት በኩል ስለሚነፋ፣ በትንፋሽ የሚወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በማሽኑ ላይ ሳይቋረጥ መታየት ይኖርበታል። ሁለቱ ስክሪኖች ጎን ለጎን ሆነው ሁለቱም ሐኪሞች ሁለቱንም ምስል ካላዩ ደግሞ በአንድ ክፍል መገኘታቸው ብቻውን እንደማይጠቅም አስገንዝበዋል። ለነርሶች ይህ የሥራ ዝርዝር ነው፤ ጠረጴዛው ከመዘጋጀቱ በፊት ማን የት እንደሚቆም በወረቀት ላይ መሣል አለበት።

ምላሽ 16። በውጭ አገር በሥልጠና ላይ ያለ የሐዋሳ ልጅ፣ በመነሻ ጽሑፉ የተገለጸው የጃፓኑ ዘዴ ጨጓራውን ወደ ሆድ ዕቃው ስለሚከፍት ምን ሥጋት እንዳለበት ጽፏል። የጨጓራው ፈሳሽ ሊፈስ፣ ዕጢው ላዩ የቆሰለ ከሆነም ሴሎቹ ሊበተኑ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ጃፓኖች ጨጓራው ሳይከፈት የሚሠራ ሌላ መንገድ አበጅተዋል፦ ቀዶ ሐኪሙ አስቀድሞ የውጭውንና የጡንቻውን ሽፋን ከውጭ ቆርጦ ዕጢውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ የውጭውን ጠርዝ በላዩ ይሰፋል፣ ከዚያ ኢንዶስኮፒ የሚሠራው የቀረውን የውስጥ ሽፋን ቆርጦ ዕጢውን በአፍ ያወጣዋል። በጉሮሮ ማለፍ ስላለበት ግን ለሦስት ሳንቲሜትር ገደማና ከዚያ በታች ለሆነ ዕጢ ነው የሚሆነው። ምላሽ 4 ላይ በአፍ ስለ ማውጣት የተጻፈው ከዚህ ተቀንጭቦ የተሰማ ይመስለኛል ብሏል፤ እኔም ይመስለኛል።

ምላሽ 17። አንጋፋው ቀዶ ሐኪም ተመለሱ። ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ ቅድመ ሁኔታ ግን አስቀምጠዋል። ማንም ይህን የሚጀምር ቡድን የመክፈቻው ዕቃ ተቀቅሎ በጎኑ ይቀመጥ፤ ዕጢው በመሣሪያ እየተያዘ ሊቀደድ የደረሰ መስሎ ከታየ ያለ እፍረት ይክፈት፤ የተቀደደ ጂስት በሆድ ውስጥ ተበትኖ ተመልሶ እንደሚመጣ አይርሳ። ከአምስት ሳንቲሜትር በላይ የሆነውንም በትንንሽ ቀዳዳ አይሞክር። ለሬዚደንቶቹም ክፍት ቀዶ ሕክምናውን አጥብቀው እስኪለምዱ ሌላው እንዲቆይ ብለዋል። በመጨረሻው ነጥብ ላይ አልስማማም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ሊማሩ ይችላሉ። የቀረውን ግን ቃል በቃል እቀበለዋለሁ።

ምላሽ 18። የምላሽ 2 ጸሐፊ ተመልሶ፣ ጎረቤቱ የሆኑ እትዬ በምግብ ቧንቧው መጋጠሚያ አጠገብ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ እብጠት እንደ ተገኘባቸው ገልጾ፣ ለሐኪማቸው ምን ብለው ይጠይቁ ሲል ጠይቋል። አዲስ አበባ ድረስ 275 ኪሎ ሜትር ሄደው፣ ዘመድ ቤት አርፈው፣ ተመልሰው እንዲሄዱ ከመባል የሚያድናቸው ምን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል።

ምላሽ 19። የኢንዶስኮፒው ሐኪም በዝርዝር መልሰውለታል። እትዬ የሲቲ ስካኑን የጽሑፍ ውጤት ብቻ ሳይሆን ምስሉ ያለበትን ሲዲ፣ የፓቶሎጂውን ስላይድ ወይም ብሎክ (ናሙናው ያለበትን መስታወት ወይም ሰም)፣ የኢንዶስኮፒውን ፎቶ ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙን እብጠቱ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ ያደገው፣ ከመጋጠሚያው በስንት ሳንቲሜትር ይርቃል፣ ላዩ ቆስሏል ወይ፣ ጂስት መሆኑ ተረጋግጧል ወይ፣ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ኢንዶስኮፒ በክፍሉ ውስጥ ይኖራል ወይ ብለው ይጠይቁ። ጨጓራዎ በሙሉ ይወጣል ከተባሉ፣ ዕጢው ጂስት ሆኖ ከተገኘ በመድኃኒት አስቀድሞ ማሟሸሽ ይቻል እንደሆነ፣ ዕጢውን ብቻ ለይቶ የሚያወጣ ቡድን የት እንዳለም ከመፈረማቸው በፊት ማጣራት መብታቸው ነው። ከሁለት ሳንቲሜትር በታች ሆኖ የማይደማና ላዩ ያልቆሰለ ቢሆን በክትትል ሊቆይ ይችል ነበር፤ ሁለት ተኩል የደረሰ ጂስት ከሆነ ግን መውጣቱ ይመከራል፣ ሊዮማዮማ መሆኑ ከተረጋገጠና ካላስቸገራቸው ደግሞ አለመንካትም ይቻላል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ናሙናው በመርፌ ይወሰድ፤ ሪፈሩ ላይም የሚጻፈው ለቀዶ ሕክምና ብቻ ሳይሆን ለኢንዶስኮፒ አልትራሳውንድ መሆን አለበት ብለዋል።